ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ እሳቱ ምን ይሆናል? የአየር ግፊትና የካቶድ ነጥብ

ኮምቦልቻ ላይ ደህና ይሠራ የነበረ የብየዳ ማሽን ደሴ ሲወጣ “እሳት አልይዝ አለ” ይባላል። ኮንታክተር፣ ማለትም በትንሽ ኮይል ትዕዛዝ ትልቅ ሞተር የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ፣ ሲቃጠልም ምክንያቱ ቅርብ ነው፤ “ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው።” ይህን የሰማ ሌላው ይስቃል። “መብራትና አየር ምን አገናኛቸው?” ይላል። ክርክሩ በጋራዥ በርና በኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ደጃፍ የሚነሳ ነው። ሁለቱም ወገን የያዘው ግማሽ እውነት ነው። የሚያስገርመው ግን፣ “ስስ አየር” የሚለው ሰበብ ለብየዳው ሲሆን የተገላቢጦሽ ነው። ለኮንታክተሩ ሲሆን ደግሞ እውነትነት አለው።

ይህን ለመለየት የኤሌክትሪክ እሳት ሥሩን የተከለበትን ቦታ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ያ ቦታ የካቶድ ነጥብ ይባላል። በዓይን ሲታይ የምታብረቀርቅ ጠብታ ነው። ውስጡ ሲገባ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይንቲስቶችን ሲያከራክር የኖረ ጉድ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንያዝ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወጡ ጆሮን ደፈን የሚያደርገው ይህ የ650 ሜትር ልዩነት ነው።

ግፊት የሚለካው በፓስካል ነው። አንድ ሺህ ፓስካል አንድ ኪሎ ፓስካል ይባላል። በባሕር ጠለል ላይ አየሩ 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ይጫናል። ኮምቦልቻ ላይ ወደ 81፣ ደሴ ላይ ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። የወጥ ቤቱ ምስክር ባቄላና ክክ ነው። ውሃ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደሴ ላይ በ92። ለዚህ ነው ደጋ ላይ ድስቱ የሚቆየው።

እንግዲህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 8 በመቶ ያህል ነው። ይህ ቁጥር ይያዝልን፤ እንመለስበታለን። በነገራችን ላይ ለእሳቱ ዋናው ነገር ግፊቱ ራሱ ሳይሆን በአንድ ስንዝር ቦታ ውስጥ ስንት የአየር ቅንጣት አለ የሚለው ነው። የደሴ ብርድ አየሩን ትንሽ ስለሚያጠጋጋው ልዩነቱ በተግባር ከ8 በመቶም ጥቂት ዝቅ ይላል።

ሥርና ግንድ

በሁለት ብረቶች መካከል ባለ ክፍተት የኤሌክትሪክ ጅረት ሳይቋረጥ ሲፈስ የሚፈጠረው ደማቅ እሳት አርክ ይባላል። በአማርኛ ቅስት የሚሉትም አሉ። ስሙ የመጣው ከቅርጹ ነው። አግድም በተያዙ ሁለት የከሰል ዘንጎች መካከል የተነሳ እሳት በሙቅ አየር ተገፍቶ ወደ ላይ እንደ ቀስት ይጎብጣል። እሳቱ ተራ ጋዝ አይደለም። ከሙቀቱ የተነሳ አቶሞቹ ኤሌክትሮናቸውን ጥለው አዮን ሆነዋል። እንዲህ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጋዝ ፕላዝማ ይባላል።

አርክን እንደ ዛፍ ማየት ይቀላል። መካከሉ ግንድ ነው። ሁለቱ ጫፎች በብረቱ ላይ የተተከሉ ሥሮች ናቸው። ኤሌክትሮን የሚወጣበት የኔጋቲቩ ጫፍ ካቶድ፣ ኤሌክትሮን የሚገባበት የፖዘቲቩ ጫፍ አኖድ ይባላል። በእጅ ብየዳ እሳቱ ላይ የሚገኘው ቮልቴጅ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ቮልት ነው። ከዚህ ውስጥ ከአስር ቮልት በላይ የሚሆነው የሚጠፋው ካቶዱ አጠገብ፣ ከፀጉር በቀጠነች ሽፋን ውስጥ ነው። ዓይን የሚያየው ግንዱን ነው፤ ትልቁ ሥራ ግን ሥሩ ላይ ነው።

ለምን ቢባል፣ ኤሌክትሮን ከብረት እንዲሁ ዘሎ አይወጣም። መገፋት አለበት። አንዱ መንገድ ብረቱን ማጋል ነው። በአርገን ብየዳ የሚያዘው የተንግስተን ዘንግ የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ስለሆነ ይህን ይችላል። ጫፉ ይግላል፣ ኤሌክትሮን ይተናል፣ እሳቱ ረግቶ ይቆማል። መዳብ ግን በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በ2,562 ዲግሪ ይፈላል። አሉሚኒየም በ660 ይቀልጣል። እነዚህ ብረቶች በቂ ኤሌክትሮን ለማመንጨት እስኪግሉ ድረስ ቀልጠው፣ ተነው፣ አልቀዋል።

ታዲያ በመዳብ ላይ እሳት እንዴት ይቆማል? ጅረቱ በሰፊው አይወጣም። ወደ አንዲት ቅንጣት ቦታ ይሰበሰባል። ያቺን ቅንጣት አፈንድቶ ይወጣል። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ይዘላል። የካቶድ ነጥብ ማለት ይህ ነው።

ነጥቡ በቅርብ ሲታይ

የካቶድ ነጥብ ስፋት በማይክሮ ሜትር ይለካል። አንድ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ዕድሜው በቢሊዮንኛና በሚሊዮንኛ ሰከንድ ይቆጠራል። በመዳብ ላይ በቫክዩም (አየር አልባ በሆነ ቦታ) ውስጥ አንድ ነጥብ የሚሸከመው እስከ 100 አምፔር ገደማ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ለሁለት ይከፈላል። ጅረቱ አንድ ሺህ ሲደርስ ብረቱ ላይ አስር እና ከዚያ በላይ ነጥቦች ሲሯሯጡ ይታያሉ።

ለጉዳያችን ትልቁ ነገር ግን ይህ ነው። ነጥቡ ላይ ብረቱ ቀልጦ ተኖ ወደ ፕላዝማ የሚለወጠው በጣም ፈጥኖ ስለሆነ የሚሸሽበት ጊዜ የለውም። በዚያች ቅንጣት ቦታ የሚፈጠረው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በአስርና በመቶ እጥፍ ይበልጣል። ነጥቡ የራሱን አየር ይሠራል ማለት ይቻላል። ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ፣ እሱ የሚተነፍሰው የራሱን የብረት እንፋሎት ነው።

ይህን አሻራ ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከአገልግሎት የወጣ ኮንታክተር ይፈታ። የሚነካኩት ትንንሽ ከፋዮች ብር የተቀላቀለባቸው ናቸው። ፊታቸው በስልክ ካሜራ ተጠግቶ ሲነሳ ለስላሳ አይደለም። ትንንሽ ጉድጓዶች ተደራርበውበታል። ጫፍ ጫፉ ላይ፣ ብረቱ የጠቆረበት ጋ፣ ብል የበላው እንጨት የመሰለ ቅርንጫፍ ያለው ጭረት አለ። እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ነጥብ ኖሮ የሞተበት ነው። ጭረቱ ደግሞ የሄደበት መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ሳይንሱ ራሱ አልተስማማም። አንደኛው ወገን ነጥቡን እንደ ጋለ ምድጃ ያየዋል። ብረቱ ይግላል፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉም ኤሌክትሮኑን ይስባል፣ ሁለቱ ተጋግዘው ያወጡታል ይላል። ሌላው ወገን፣ በሩሲያዊው ፊዚሲስት ጌናዲ ሜሲያትስ ስም የሚታወቀው፣ ነጥቡ የማያቋርጥ የትንንሽ ፍንዳታዎች ሰንሰለት ነው ይላል። ለእያንዳንዱ ፍንዳታ የሚወጣውን የኤሌክትሮን ጥቅል “ኤክቶን” ብሎታል። ጉድጓዶቹንና አጭሩን ዕድሜ ሲያዩት ሁለተኛው አሳማኝ ይመስላል። ነገር ግን ነጥቡ ትንሽም ፈጣንም ስለሆነ ጅረቱ በምን ያህል ስፋት ላይ እንደሚሰበሰብ እንኳ በተመራማሪዎች መካከል በአስርና በመቶ እጥፍ የሚለያይ ግምት አለ።

ከባዶው እስከ እፍግታው

የግፊትን ሥራ ለማየት መሰላሉን ከታች ጀምሮ መውጣት ይሻላል።

ከታች ቫክዩም አለ። አየሩ ተመጥጦ የወጣበት ዕቃ ማለት ነው። ከአንድ ሺህኛ ፓስካል በታች ሲወርድ በክፍተቱ ውስጥ የሚነድ ጋዝ የለም። “አየር ከሌለ እሳት የለም” የሚለው የምድጃ ሕግ እዚህ አይሠራም። አርክ ኦክሲጅን አይፈልግም። የሚፈልገው ጅረት የሚሸከም ነገር ነው፤ ያንን ነጥቡ ራሱ ከብረቱ ፈልፍሎ ያቀርባል። የብረት አዮኖቹ ከነጥቡ በሰከንድ አስር ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ እየተወረወሩ ይወጣሉ። የሚያግዳቸው የለም። ነጥቦቹም እርስ በርስ ይሸሻሻሉ፤ በብረቱ ፊት ላይ ይበተናሉ። ግንድ የሚባል ነገር እምብዛም የለም። ዛፉ ሥር ብቻ ነው።

ጥቂት ጋዝ ሲገባ፣ ከአንድ ፓስካል ጀምሮ ወደ ላይ፣ ነገሩ ይለወጣል። የተወረወረው የብረት አዮን ከጋዙ ጋር እየተጋጨ ይዘገያል። ዋናው ለውጥ ግን የሚመጣው በብረቱ ገጽ በኩል ነው። ጋዙ ኦክሲጅን ወይም ናይትሮጅን ከሆነ የብረቱን ፊት በስስ ሽፋን ያለብሰዋል። የካቶድ ነጥብ ሽፋን ይወዳል። ንጹሕ ብረት ላይ ያለው ነጥብ ዘገምተኛና ጥልቅ ቆፋሪ ነው። ሽፋን ያለበት ላይ ግን ቀላልና ሯጭ ይሆናል፤ ሽፋኑን እየገሸለጠ ይሄዳል እንጂ ብዙ አይቆፍርም።

ይህ ባሕርይ ሱቅ ድረስ መጥቷል። የትራፓኖ ፑንታ ሲገዛ ወርቃማ ቀለም ያለው ይታያል። ከእውነተኞቹ አንዳንዶቹ የተለበጡት በዚሁ ዘዴ ነው። የቲታኒየም ካቶድ ላይ ነጥቦች ይለቀቃሉ፤ በአንድ ፓስካል አካባቢ ግፊት ያለው ናይትሮጅን ይገባል፤ ሁለቱ ተዋሕደው ፑንታው ላይ ጠንካራ ሽፋን ይሆናሉ። የናይትሮጅኑ ግፊት ሲጨምር ካቶዱ ራሱ ይለበጥና ከነጥቡ የሚረጨው የቀለጠ ብረት ጠብታ ይቀንሳል። ርካሹ ወርቃማ ፑንታ ግን ብዙ ጊዜ ቀለም ብቻ ነው፤ ሁለት ብረት ሲበሳ ይላቀቃል።

ጥቂት መቶ ፓስካል ላይ ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል አለ። ውስጡ ያለው አርገን አንዱ ሥራው ጠባቂነት ነው። ጫፉ ላይ ያለው ፊላመንት ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚለቅ ቅባት ተቀብቷል። ነጥቡ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ጋዙ የሚተነውን ቅባት እየገፋ ይመልሰዋል። ጋዙ ሲሳሳ ቅባቱ ቶሎ ያልቃል። የአምፖሉ ጫፍ ሲጠቁር የሚታየው ጥቀርሻ የሚመስል ነገር ከዚያ ተነስቶ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ነው።

ወደ ተራው አየር ግፊት ሲደረስ ግንዱ ያድጋል። አሁን በካቶዱና በአኖዱ መካከል ያለው ጋዝ ራሱ ይነዳል። የጋለው ግንድ በዙሪያው ባለው ቀዝቃዛ አየር ታጥሮ ይቀጥናል። በቫክዩም ውስጥ ተበትነው የነበሩ ነጥቦች አሁን ከግንዱ እግር ሥር ይሰበሰባሉ። እንደልብ መሮጥ ይቀራል። ሥሩ ግንዱን ሳይሆን ግንዱ ሥሩን ይጎትተዋል። ነፋስ ሲመታው፣ ማግኔት ሲገፋው ነጥቡ ይንሸራተታል፤ ደግሞ ይጣበቃል፤ ደግሞ ይዘላል።

ከዚያ በላይ፣ አየሩ ሲታፈግ፣ ግንዱ ይበልጥ ይቀጥናል፤ የሚጠይቀውም ቮልቴጅ ይጨምራል። ባሕር ውስጥ ጠልቀው በታፈገ ጋዝ ውስጥ የሚበይዱ ሰዎች የሚቸገሩት ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ይህ መጥበብ ይፈለጋል። በስብሰባ አዳራሽ ፕሮጀክተር ውስጥ ያለው የሜርኩሪ አምፖል ሲሠራ የውስጡ ግፊት ከተራው አየር 200 እጥፍ የሚደርስበት ዓይነት አለ። ብርሃኑ አንዲት ነጥብ የሚያክለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ኋላ የሚሄደው ነጥብ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በግፊትና በካቶድ ነጥብ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስገርመው ይህ ነው።

ጅረት ያለበት ነገር በማግኔት አጠገብ ሲሆን ወደ አንድ የታወቀ አቅጣጫ ይገፋል። ሞተር የሚዞረው በዚሁ ነው። አርክም ጅረት ስለሆነ ወደዚያው ሊገፋ ይገባል። በተራ አየር ውስጥ ይገፋልም። በያጆች ጥግ ላይ ሲበይዱ እሳቱ ወደ ጎን እየሸሸ ሲያስቸግራቸው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1903 ጀርመናዊው ፊዚሲስት ዮሐንስ ሽታርክ በሜርኩሪ ላይ ያለ የካቶድ ነጥብን በማግኔት ውስጥ ሲመለከት ያየው ሌላ ነበር። በዝቅተኛ ግፊት ነጥቡ ወደ ተቃራኒው ሄደ። የሚገፋው ወደ ቀኝ ከሆነ እሱ ወደ ግራ። ግፊቱ ሲጨመር እርምጃው እየዘገየ ይመጣል። የሆነ ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በላይ ሲጨመር ይመለስና በተለመደው አቅጣጫ ይሄዳል። ማግኔቱም ጅረቱም አልተለወጡም። የተለወጠው ጋዙ ብቻ ነው።

ለምን? ብዙ ማብራሪያ ቀርቧል። አንዱ፣ አዲሱ ነጥብ የሚወለደው አሮጌው አጠገብ ማግኔቱ በሚበረታበት በኩል ስለሆነ ነው ይላል። ሌላው ከነጥቡ የሚወጣው የፕላዝማ ጅራት መጣመሙን ያነሳል። ሁሉም የተወሰነውን ያስረዳል፤ ሁሉን የሚያስረዳ ሆኖ ሰው የተስማማበት ግን የለም። በሥርና በግንድ ምሳሌ ካየነው ቢያንስ የግፊቱ ድርሻ ይገባል። ጋዙ ሲሳሳ የሚያዘው ሥሩ ነው፤ ሥሩም በራሱ ሕግ ይሄዳል። ጋዙ ሲታፈግ ግንዱ ይከብዳል፤ ሥሩንም በማግኔቱ አቅጣጫ ይጎትተዋል። በመካከል ሁለቱ እኩል የሚጎተቱበት ግፊት አለ፤ እዚያ ነጥቡ ይቆማል።

ታዲያ የ8 በመቶ ነገርስ?

አሁን ወደ ሐረጎ መንገድ እንመለስ። እስካሁን ያየናቸው ለውጦች የሚመጡት ግፊት በአስር፣ በሺህ፣ በሚሊዮን እጥፍ ሲለዋወጥ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው ግን 8 በመቶ ብቻ ነው። የራሱን ግፊት በአስርና በመቶ እጥፍ ለሚሠራ ነጥብ ይህ ከቁጥር አይገባም። ደሴ ላይ የተበየደ ብረትና ኮምቦልቻ ላይ የተበየደ ብረት የካቶድ ነጥባቸው ተቀያይሮ ቢቀርብ የሚለይ ባለሙያ አይኖርም።

ግንዱ ግን ይሰማዋል፤ በጥቂቱ። አየሩ ስስ ሲሆን ግንዱ ይሰፋል፤ የሚጠይቀውም ቮልቴጅ ዝቅ ይላል። በእጅ ብየዳ ርዝመት ልዩነቱ ከአንድ ቮልት ያነሰ ነው። ያም ቢሆን አቅጣጫው ይታይ። ስስ አየር እሳቱን ለማቆየት ያቀላል እንጂ አያከብድም። ስለዚህ “ደጋ ስለሆነ እሳት አልይዝ አለ” የሚለው ምክንያት የተገላቢጦሽ ነው።

እሳት አልይዝ ካለ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ሌላ ነው። ከቆጣሪው እስከ ማሽኑ የተዘረጋው ሽቦ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ቮልቴጁ በመንገድ ያልቃል። ባዶውን፣ እሳት ሳይነሳ፣ 70 ቮልት መስጠት የነበረበት የትራንስፎርመር ማሽን፣ ከ220 ፈንታ 190 ቮልት ሲገባለት ወደ 60 ይወርዳል። ያኔ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል እንጂ አይነሳም። ሁለተኛው እርጥበት ነው። የደሴ ክረምት ጉምና ጭጋግ ነው፤ ፓኬቱ ተከፍቶ የከረመ ኤሌክትሮድ ልባሱ ውሃ ይጠጣል። ሦስተኛው ከጀነሬተር ለሚሠሩ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 3 በመቶ ያህል ያጣል። እዚህ ላይ በእርግጥ ጥፋቱ የስስ አየር ነው፤ ግን በእሳቱ በኩል ሳይሆን በናፍጣው በኩል።

አሉሚኒየም የሚበይዱ የአርገን ቤቶች አንድ ነገር ጨምረው ሊያዩ ይችላሉ። ማሽኑ ተለዋዋጭ ጅረት ላይ ሲሆን በየግማሽ ዙሩ ካቶድ የሚሆነው አሉሚኒየሙ ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ቢቀልጥም የለበሰው ኦክሳይድ እስከ 2,072 ዲግሪ አይቀልጥም። ይህን ልባስ የሚያነሱት የካቶድ ነጥቦች ናቸው። ከብየዳው ግራና ቀኝ የሚቀረው ውርጭ የመሰለ ነጭ መስመር እነሱ ሲሯሯጡ የጠረጉት ቦታ ነው። መስመሩ ከጠፋ ወይም ካለቅጥ ከሰፋ የከፍታ ጉዳይ አይደለም። የማሽኑን ማስተካከያ፣ የአርገኑን ንጽሕና እና የብረቱን ቆሻሻ ማየት ይቀድማል።

ማጥፋት ሲሆን

እስካሁን ያወራነው እሳት ስለማቆየት ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ግን የሚፈለገው ተቃራኒው ነው። ኮንታክተር ሲከፈት በከፋዮቹ መካከል እሳት ይወለዳል፤ እሱን በፍጥነት መግደል ነው ሥራው። ስስ አየር እሳት ለማቆየት የሚመች ከሆነ ለማጥፋት አይመችም። ሙቀት የሚወስደው ቅንጣት ያንሳል፤ ክፍተቱ ተመልሶ የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል። የዕቃው ሰዎች “ደጋ ነው” ሲሉ ያላቸው ግማሽ እውነት እዚህ ጋ ነው።

እንዲያም ሆኖ የካቶድ ነጥብ እዚህም ባለውለታ ነው። ትልልቅ ኮንታክተሮችና ብሬከሮች (ጅረት ሲበዛ መስመር የሚቆርጡ ማብሪያዎች) ከፋዮቹ በላይ የተደረደሩ ስስ የብረት ሳህኖች አሏቸው። እሳቱ በማግኔት ተገፍቶ እነሱ መካከል ሲገባ ይቆራረጣል። አንዱ ረጅም እሳት አስር አጫጭር እሳቶች ይሆናል። እያንዳንዱ የራሱን ካቶድ ስለሚፈልግ በእያንዳንዱ ላይ ሃያ ቮልት ገደማ ይጠፋል። ጅረቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ሲደርስም ነጥቦቹ ሁሉ ይሞታሉ። ካቶድ የነበረው አኖድ፣ አኖድ የነበረው ካቶድ ይሆናል። አዲሱ ካቶድ ቀዝቃዛ ነው። እንደገና ነጥብ ለመውለድ ከ150 እስከ 250 ቮልት ገደማ ይጠይቃል፤ ያንንም በየሳህኑ። ይህ የሥሩ ጉዳይ ስለሆነ ከፍታ እምብዛም አይነካውም። ሳህኖቹ የተቃጠሉበት ወይም “ምን ይሠራሉ?” ተብለው የወለቁበት ኮንታክተር ግን ደሴም ኮምቦልቻም አይድንም።

በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሆን የከፍታው ነገር ይከብዳል። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃዎች ለተለመደ የከፍተኛ ቮልቴጅ ማብሪያ ዕቃ የሚያስቡት እስከ 1,000 ሜትር ያለውን ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ የውጭ መከላከያው (ኢንሱሌሽኑ) መጠናከር አለበት። በስሌቱ መሠረት ለ1,850 ሜትር ወደ 11 በመቶ፣ ለ2,500 ሜትር ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። ለሠፈሩ 15 ሺህ ቮልት መስመር ወይም ለኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካ ዕቃ ሲታዘዝ ይህ ቁጥር ሰነዱ ላይ መታየት ያለበት ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ለሚዘልቀው፣ በ25 ሺህ ቮልት እንዲሠራ ለተነደፈው የባቡር መስመርም እንዲሁ።

ብዙዎች የሚያነሱት መውጫ የቫክዩም ብሬከር ነው። በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ማብሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሮያል ሶረንሰንና ባልደረባው ይህ እንደሚቻል በሙከራ አሳይተዋል። ውስጡ ግንድ የለም፤ ነጥቦች ብቻ ናቸው። ጅረቱ ዜሮ ሲነካ ነጥቦቹ ይሞታሉ፤ የብረቱ እንፋሎትም በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። እንደገና የሚነድ ነገር አይቀርም። ደሴ ይሁን ባሕር ዳርቻ ለጠርሙሱ ውስጥ ለውጥ የለውም።

ሁለት ነገር ግን ይዘነጋል። አንደኛ፣ የጠርሙሱ ውጭ አየር ነው። ሃያው በመቶ እዚያ ላይ አለ። ሁለተኛ፣ ጠርሙሱ ሲያፈስ የሚሆነው ነገር አሳሳች ነው። ቫክዩም ጥሩ ከላካይ ነው። ተራ አየርም መጥፎ አይደለም። የከፋው መካከሉ ነው። አየር እየተመጠጠ ሲወጣ ብልጭታ ለማስነሳት የሚያስፈልገው ቮልቴጅ መጀመሪያ ይወርዳል፤ ወደ 330 ቮልት ገደማ ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ። ከዚያ በታች ነው ተመልሶ ሽቅብ የሚወጣው። በክፍተቱ ስፋት የሚወሰነው ይህ ሸለቆ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት 75 ፓስካል አካባቢ ላይ ይገኛል። ትንሽ ያፈሰሰ ጠርሙስ ወደዚህ ሸለቆ ይገባል። በውጭ ሲታይ ምንም የለውም፤ አንጸባርቆ ተቀምጧል። የሚያጋልጠው መፈተን ነው፤ ለምሳሌ በከፍተኛ ቮልቴጅ።

ለተራው ሞተርና ለተራው ኮንታክተር ግን ነገሩ ከዚህ ይቀላል። ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ዕቃዎች የዚያው ኮሚሽን ደረጃ የሚያስቀምጠው ወሰን 2,000 ሜትር ነው። ወሰኑ የሚያልፈው ሐረጎ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ከመስመሩ በታች፣ ደሴ ከመስመሩ በላይ ናት። አንድ ዓይነት ኮንታክተር፣ ከአንድ ካርቶን የወጣ፣ እታች ሙሉ አቅሙን ይሠራል ተብሎ ይጠበቃል። እላይ ግን አምራቹ በሠንጠረዡ ላይ ቅናሽ ይጠይቃል። ሠንጠረዡ ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ ባለው ስስ ወረቀት ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ ጋር የሚጣለው እሱ ነው።